የ«ባር ባር» ትርጉም

በሥራዬ ስም የለኝም፤ ሠላሳ ሁለት ነው ቁጥሬ፣
ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አስሬ፣
ሐኪም በዕብራይስጥ ሲናገር በአማርኛ አቀብላለሁ፣
ታማሚው በአማርኛ ሲያዝን በዕብራይስጥ አዝናለሁ።
ሕጉ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣
ቢያለቅሱ አታልቅሺ፣
ስልኩን ስትዘጊ ሁሉንም እርሺ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መስመሩ ሲንጣጣ
የአንዲት አሮጊት ድምፅ ከክሊኒኩ መጣ።
«አዝመራ እባላለሁ፤ የመጣሁት ለልጄ ነው፣
ሊፍት ሲዘጋ አይወድም፤ እታች የቀረው ለዚያ ነው።»
«ምኑን ነው የሚያመው?» አለ ሐኪሙ። «ምኑን ነው የሚያመው?» አልኳት።
«ሆዱን ባር ባር ይለዋል።» ቃሊቱን ምላሴ ላይ ያዝኳት።

ፋይል ሲገለጥ ሰማሁ። «ሆዱማ ሁለቴ ታይቷል፣
ካሜራ በጉሮሮው ወርዶ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል።»
ያኔ ማን አስተረጎመ? የእህቱ ልጅ፤ አሥራ አንድ ዓመቷ፤
ሆድ ማለት ሆድ ነው አለች፤ ምን ይሁን ጥፋቷ?

«እሱስ ለምን አይናገርም? እዚሁ አይደል የተወለደው?»
«ዕብራይስጡንማ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው፤
ሲጠይቁት ግን ‹በሴዴር፣ ደህና ነኝ› ይላል፤
ሁለት ቋንቋ ያውቃል ልጄ፤ በሁለቱም ዝም ይላል።
ሚስቱ ማታ ማታ ፋብሪካ ናት፤ የሌሊቱ ዘበኛ እኔ ነኝ፣
ኮሪደሩን ሲመላለስ እርምጃው ነው የሚቆጥረኝ።
የሴት ልጁ ልደት ዕለት ፊኛ ፈንድቶ ጠረጴዛ ሥር ተደበቀ፤
ጨዋታ መስሏት ነው መሰል የሕፃኗ ጥርስ ሳቀ፤
አልወጣ ሲላት ጊዜ፣ ሻማውን ብቻዋን አጠፋች።

ማስረሻ ነው ያልኩት፤ ሱዳን አሸዋ ለቀረው ታላቁ፣
ያስረሳኛል ብዬ። መናሼ አሉት ሠራዊቱ ውስጥ፤ አንድ ነው አሉ የሚያውቁ።
ይኸው ማስረሻ የተባለ፣ ከሊባኖስ ከተመለሰ
አንድ ሌሊት መርሳት አቅቶት ስሙን ራሱ አፈረሰ።

ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ‹ዘጠኝ ከመቶ ጉዳተኛ› አሉት፤
ዘጠና አንዱ ደህና ነው ማለት?
እኔ ያንን ዘጠና አንድ ነው በየክፍሉ የምፈልገው፤
አልጋው ላይ የለም፤ ማዕድ ላይ የለም፤ እናንተ ዘንድ ነው?»

ሕጋችን አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ‹የአስተርጓሚ ማስታወሻ› የምትባል፤
በዚያች ሾለክሁ። «ዶክተር፣ ሆድ በእኛ አፍ ከጨጓራ ይሰፋል፤
ቂም እዚያ ነው፤ ምሥጢር እዚያ ነው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይችላል፤
‹ባር ባር› ሲል ደግሞ…
መብራቱ በርቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከቤቱ ሰው ሲጠፋ ማለት ነው።»

የሚጽፈው ጣት ቆመ። «ይህን ያህል ዓመት ማንም ለምን አልነገረን?»
መልስ ነበረኝ።
ማስታወሻዬ ግን አልቆ ነበር።

«ቀጠሮ የሚገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው» አለ ሐኪሙ፤
«እስከዚያ ማን ይጠብቀው?» አለች። ተረጎምኩት እንዳለ፣ ከነትንፋሹ፣ ከነደሙ።
ወንበር ተንሸራተተ። ስልኩን ሳይዘጋው ወጣ፤
ደረጃው ላይ ኮቴው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ድምፁ እስኪታጣ።
እታች ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤
ለዚያ እኔ አላስፈልግም።

ረቡዕ ገበያ ላይ «ቲማቲሙ ስንት ነው?» ስል
ከፊቴ የቆመች ባልቴት ዞረች፤ ቆየች ስታስተውል።
«ይህን ድምፅ የት ነው የማውቀው?» ሕጉ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤
«ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል» አልኳት፤ ሽንኩርት መርጬ አስመዘንኩኝ።
እሷም ሒሳቧን ከፈለች፤ ከራሷ ሎሚ አንዱን አነሳች፣
ዘንቢሌ ውስጥ ጣለችው፤ ምንም ሳትለኝ ሄደች።